ፋይበር ከመሳባችሁ በፊት

ከሳሊተ ምሕረት እስከ ሲኤምሲና ሰሚት ባሉት ሰፈሮች ፋይበር ለየቤቱ በመዘርጋት እንጀራችሁን የምትበሉ ወጣቶች፣ ከትርፍራፊው ገመድ አንድ ክንድ ቆርጣችሁ ውስጡን እዩት። ብዙ ብልሽት የሚመጣው መዳብ የለመደ እጅ መስታወቱንም እንደ መዳብ ሲጎትተው ነው።

ብርሃኑ የሚያልፍበት እምብርት ውፍረቱ 9 ማይክሮን ገደማ ነው። ሁለተኛው መስታወት ሲያቅፈው 125 ማይክሮን፣ ማለትም የሰው ፀጉር ያህል ይሆናል። ብርሃን በውስጠኛው መስታወት ከውጪኛው በጥቂቱ ዘግይቶ ስለሚጓዝ በዚያው ታምቆ ይሄዳል፤ ገመዱን በጠባቡ ካጠፋችሁት ግን ያመልጣል። ከላይ ያለው የፕላስቲክ ቅብ ውፍረቱን 250 ማይክሮን ያደርሰዋል። ይህ ቅብ የተላጠበት መስታወት ትንሽ ጭረት ካገኘው ይሰበራል።

በማንሆል የሚያልፈው ወፍራም ገመድ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። ፋይበሮቹ በቱቦ ውስጥ የሚቀመጡት ከቱቦው ትንሽ አስረዝመው፣ ላላ አድርገው ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚበዛው ጥቁር ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ ሲሰነጠቅ ገመዱ ቢሳብም መስታወቱ አይወጠርም። ቱቦውን የሚሞላው ጄል የማንሆሉን ውሃ ያግዳል። የመጎተቱን ኃይል የሚሸከሙት መሐል ያለው ዘንግና ዙሪያውን የተጠመጠመው የአራሚድ ክር ናቸው፤ ስለዚህ መሳቢያውን ከእነሱ ጋር እሰሩ እንጂ ከጥቁሩ ልጣጭ ጋር አትሰሩ።

ወደ ቤት የሚገባው ጠፍጣፋ ገመድ ፋይበሩን ግራና ቀኝ የሚጠብቁ ሁለት ዘንጎች አሉት። ከምሰሶ የሚሳበው ሦስተኛ፣ ወፍራም ሽቦም ይጨመርለታል። ገመዱን በዚያ ሽቦ ስቀሉት።

የአምራቹ ወረቀት ሌላ ካላለ፣ ወፍራሙን ገመድ ስትስቡ የመታጠፊያው ራዲየስ ከገመዱ ውፍረት 20 እጥፍ፣ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ 10 እጥፍ እንዳያንስ። ለ12 ሚሊ ሜትር ገመድ ሲሳብ 24 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

ስፕላይስ ስታደርጉ መከላከያ እጀታውን አስቀድማችሁ አስገቡ፤ ከተበየደ በኋላ ማስገቢያ የለውም። ቅቡን ላጡ፣ በ99 በመቶ አልኮል ጥረጉ፣ ከዚያ በክሊቨር ቁረጡ። ከተቆረጠ በኋላ ጫፉን ጣት አይንካው። መስመሩ ላይ ያለው ብርሃን ለዓይን ስለማይታይ የገመዱን አፍ ወደ ዓይናችሁ አታቅርቡ። ስብርባሪውንም ክዳን ባለው ዕቃ ሰብስባችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ በደንበኛው ምንጣፍ ላይ ሕፃን ይድሃል።