ትምህርት 12፦ የድርጊትን ባለቤት መግለጽ

ሀ. የትምህርቱ ዓላማ

አንድን ሥራ ማን እንደሠራው በግልጽ ማመልከት የጥሩ ድርሰት መለያ ነው። በዐማርኛ ቋንቋ ይህን ከሚያመለክቱት ነገሮች ዋናው ግሥ ነው። በግሡ መነሻ ላይ የምትጨመር አንዲት ፊደል ሠራተኛውን ታወጣዋለች ወይም ትሰውረዋለች። በአዲስ አበባ፣ በዘነበወርቅ ሠፈር የሚኖር ተማሪ በየቀኑ ሊናገራቸው የሚችላቸውን የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ተመልከቱ።

1. አውቶቡሱ ዘነበወርቅ ላይ ቆመ።
2. ሾፌሩ አውቶቡሱን ዘነበወርቅ ላይ አቆመው።
3. ትራፊክ ፖሊሱ አውቶቡሱን ዘነበወርቅ ላይ አስቆመው።

በአንደኛው ዐረፍተ ነገር አውቶቡሱ መቆሙ እንጂ ያቆመው ሰው አልተገለጸም፤ ሞተሩ ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው፣ ፍሬን የያዘው ሰው ታውቋል። በሦስተኛው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ፍሬን አልያዘም፤ ሌላው እንዲይዝ አደረገ እንጂ። የሚከተለው ንባብ ይህ ልዩነት በታሪክ ጽሑፍ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያችኋል።

ለ. ንባብ፦ የምጽዋ ወደብ ጠላቂዎች

ምጽዋ በዛሬዪቱ ኤርትራ በቀይ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኢጣሊያ ባሕር ኃይል ምሽግ ነበረች። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከረንንና አሥመራን ይዞ ወደ ምጽዋ በተቃረበ ጊዜ፣ የወደቡ አዛዥ አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ወደቡ ለጠላት እንዳይጠቅም እንዲደረግ አዘዘ። የኢጣሊያና የጀርመን መርከበኞችም መርከቦቻቸውን ራሳቸው አሰጠሙ፤ ከመርከቦቹ ብዙዎቹ የወደቡን መግቢያዎች እንዲዘጉ ተሰልፈው ነበር። ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎችም በፈንጂ ተበስተው ወደ ባሕሩ ወለል ወረዱ። መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዪቱ ተያዘች። ከ27 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ። ምጽዋ ግን ወደቧ በሰጠሙ መርከቦች እንደተዘጋ ቀረች።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን ምጽዋ ደረሰ። ይህ ሰው በ1918 ዓ.ም. በሀገሩ ሰጥሞ የነበረ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ በማስነሣት የታወቀ መሐንዲስ ነው። በምጽዋ የጠበቀው ጥቂት ሰው፣ ጥቂት መሣሪያና ብረቱን በእጅ የማያስነካ ሙቀት ነበር።

በዚያ ዘመን ጠላቂ የሚለብሰው ውሃ የማያስገባ ወፍራም ልብስ ነበር፤ የራስ ቁሩ ከመዳብ፣ የጫማው ሶል ከእርሳስ ይሠራል። የሚተነፍሰው አየር ከላይ በቱቦ ይላክለታል፤ ቱቦው ቢቆረጥ ሕይወቱም ትቆረጣለች። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የሚያርፍበት ግፊት በባሕር ወለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል ይጨምራል። በጥልቁ ብዙ ቆይቶ በድንገት ቢወጣ፣ በደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጂን አረፋ ሆኖ አካሉን ሊያሽመደምደው ወይም ሊገድለው ይችላል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ከዚህ ሌላ አደጋ አለበት፤ በሰጠመው መርከብ ጨለማ ውስጥ ያልፈነዳ ቦምብ ሊኖር ይችላል።

ከተሰጠው ሥራ ዋነኛው ትልቁን ተንሳፋፊ መጠገኛ ማስነሣት ነበር። የእንዲህ ያለው መጠገኛ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ወለሉና ግድግዳው ባዶ ክፍሎች ያሉት ብረት ነው። ክፍሎቹ በውሃ ሲሞሉ መጠገኛው ዝቅ ይልና መርከቡ በላዩ ይገባል፤ ውሃው በፓምፕ ሲወጣ መጠገኛው መርከቡን ተሸክሞ ይነሣል። ይህን መጠገኛ ከኤልስበርግ በፊት ያዩት ባለሙያዎች አይነሣም ብለው ትተውት ነበር። ኤልስበርግ ግን በክፍሎቹ ውስጥ የታመቀ አየር ቢሞላ፣ አየሩ ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል ሲል አሰበ። ጠላቂዎቹ ወረዱ፤ አየር የሚያሾልኩ ክፍተቶች ተደፈኑ፤ የአየር መጭመቂያዎቹም ሌሊትና ቀን ሠሩ። በግንቦት ወር 1934 ዓ.ም.፣ ሥራው ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ መጠገኛው ከባሕሩ በላይ ብቅ አለ።

የወደቡ መዳን ዋጋ በዚያው ክረምት ታየ። የጀርመንና የኢጣሊያ ጦር ግብፅ ውስጥ እስከ ኤል አላሜን ደርሶ ስለነበር፣ የእስክንድርያ ወደብ አስጊ ሆነ። ዲዶ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ምጽዋ መጥታ፣ ከኢራን ተጎትቶ በመጣ ሌላ ተንሳፋፊ መጠገኛ ላይ ታደሰች። መጠገኛው ከእርሷ ስላነሰ ኋላዋ ብቻ ተነሥቶ፣ ፊቷ በውሃው ላይ እንዳለ ተሠራች። እኅቶቿ ዩራያለስና ክሊዮፓትራም ተከተሏት። በዚህ ወደብ ኤርትራውያን ሠራተኞች በዚያ ሙቀት የመርከቦችን ሆድ እየፋቁ ቀለም ይቀቡ ነበር። ኤልስበርግ እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ሥራው መጽሐፍ አሳትሞ ስሙ በዓለም ታወቀ፤ የእነዚያ ሠራተኞች ስም ግን እንደ እርሱ አልታወቀም።

ሐ. የቃላት ፍች

ጠላቂ — ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ባለሙያ።
የታመቀ አየር — በኃይል ተጨምቆ በጠባብ ቦታ የተያዘ አየር።
አሽመደመደ — አካልን አልታዘዝ እስኪል ድረስ አደከመ።
ደፈነ — ቀዳዳን ዘጋ።

መ. ሰዋስው

«መርከቦቹ ሰጠሙ» ብንል ግሡ የማይሻገር ስለሆነ አንባቢው ማዕበል ያሰጠማቸው ሊመስለው ይችላል። «መርከቦቹን አሰጠሟቸው» ብንልም ገና አልበቃም። ግሡ ተሻጋሪ ሆኗል፤ ነገር ግን «እነርሱ» የተባሉት እነማን ናቸው? አንባቢው ወደብ የያዙትን እንግሊዞች ሊጠረጥር ይችላል። «የኢጣሊያና የጀርመን መርከበኞች መርከቦቻቸውን አሰጠሙ» ስንል ብቻ እውነቱ በስፍራው ይቀመጣል።

«ተነሣ» ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። «ልጁ ከእንቅልፉ ተነሣ» ስንል ልጁ በራሱ ነው የተነሣው፤ «ድንጋዩ ከመንገዱ ተነሣ» ስንል ግን ያነሣው ሰው አለ። ስለዚህ «መጠገኛው ተነሣ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብዙ ሰዎችን ይሰውራል። «ኤልስበርግ መጠገኛውን አነሣው» ብንል ደግሞ የብዙዎቹን ድካም ለአንድ ሰው መስጠታችን ነው። ትክክለኛው አነጋገር፣ ጠላቂዎቹና ሠራተኞቹ አነሡት፤ ኤልስበርግ አስነሣው የሚለው ነው። በ«አስ» የሚነሣው አስደራጊ ግሥ ለአዛዡ ድርሻውን ይሰጣል፤ የሠሪዎቹን ግን አይወስድም።

ይህ ማለት ግን አድራጊው ሁልጊዜ ይጠቀስ ማለት አይደለም። ያልታወቀ እንደሆነ «ተደፈነ»፣ «ተሠራ» ማለት ተገቢ ነው። ያላወቅነውን አድራጊ ከራሳችን ፈጥረን መጻፍ ሐሰት ነው፤ ያወቅነውን መሰወርም ከሐሰት ብዙ አይርቅም።

ሠ. መልመጃ

1. «ወጣ»፣ «ፈረሰ»፣ «ደረቀ» እና «ነደደ» የሚሉትን ግሦች በሦስቱ መልክ (ለምሳሌ፦ ቆመ፣ አቆመ፣ አስቆመ) እየለወጣችሁ ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

2. በንባቡ ውስጥ አድራጊያቸው ያልተገለጸ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ፈልጉ። አድራጊው መጠቀስ ያለበት በየትኛው ነው? ምክንያታችሁን አስረዱ።

3. በሠፈራችሁ የተሠራ አንድ ነገር፣ መንገድ፣ ድልድይ፣ የውሃ ቦኖ ወይም የትምህርት ቤት አጥር፣ ምረጡ። ማን እንዳሠራው፣ እነማን እንደሠሩትና እንዴት እንደተሠራ አረጋውያንን ጠይቃችሁ ከ150 ቃላት ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። የአሠሪውን ስም ማግኘት አያስቸግራችሁም፤ ብዙ ጊዜ በድንጋይ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ስማቸውን ያላገኛችሁላቸውን ሠራተኞች ግን በሥራቸው ጥሯቸው፤ ድንጋይ የጠረበውን «ጠራቢው»፣ ውሃ የቀዳችውን «ቀጂዋ» በሉ።