መተግበሪያው ተራራ አያውቅም

ባሌ ውስጥ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ዳገቱን ጨርሶ ሳነቴ አምባ ላይ ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ንጋትን በፎቶ ለማስቀረት የሚያስብ ሰው ስልኩ ላይ ፎቶፒልስን ወይም ሰን ሰርቬየርን ይጭናል፤ ቀኑን መርጦ የሚቆምበትን ቦታ ካርታው ላይ ሲነካ ፀሐይና ጨረቃ የሚወጡበትና የሚጠልቁበት አቅጣጫ ተሰምሮ ይመጣለታል። ይህን ዕቅድ ሮቤ ወይም ጎባ ሳሉ ይጨርሱት፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ አይታመንም።

መተግበሪያው የሚያሳየው ሰዓት ደግሞ የፈረንጅ ነው። ስልኩ ላይ 6:20 ያለውን እንዳለ አንብቦ ለሾፌሩ “ስድስት ከሃያ” ያለ ሰው መኪናውን እኩለ ቀን ላይ ያገኘዋል። ባሌ ውስጥ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው በእኛ ሰዓት ጠዋት ከ12:00 እስከ 12:40 ባለው ጊዜ ነው፤ የስልኩ ቁጥር ወደ እኛ ሰዓት ተቀይሮ ከዚህ ከራቀ የስልኩን የሰዓት ክልል ይፈትሹ።

ንጋት በብዛት የሚባክነው ግን በሰዓት ሳይሆን በአድማስ ነው። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች “ፀሐይ ወጣች” የሚሉት አድማሱን እንደ ባሕር ዳርቻ ዝርግ አድርገው ቆጥረው ነው። ከገደል ሥር ወይም ሸለቆ ውስጥ ለቆመ ሰው ይህ ቁጥር አይሠራም። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ባለው ባሌ ደግሞ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፊት ለፊት ያለው ተራራ በእያንዳንዱ ዲግሪ ቁመቱ አራት ደቂቃ ያህል ያዘገያታል።

መለኪያው እጅዎ ላይ አለ። ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ጡጫዎን ይጨብጡ፤ ከአድማስ እስከ ተራራው ጫፍ አንድ ጡጫ ከሆነ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፣ 40 ደቂቃ ይጨምሩ።

ጉዳቱ በመጠበቅ ብቻ አያበቃም። ፎቶ አንሺዎች የሚወዱት ወርቃማ ብርሃን ፀሐይ ከአድማስ እስከ 6 ዲግሪ ከፍ እስክትል ያለው ነው፤ ባሌ ላይ ይህ 24 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቆያል። ተራራው 10 ዲግሪ ከሆነ ፀሐይዋ ብቅ ስትል ብርሃኑ ነጭ ሆኗል፣ የለፉበት ወርቅ ከተራራው ጀርባ አልቋል። ማታም እንዲሁ ነው፤ መተግበሪያው ገና ግማሽ ሰዓት አለ እያለ ምዕራቡ ተራራ ፀሐይዋን ይሰውራታል። ምሥራቁ ገላጣ የሆነበት ከፍታ ላይ ይውጡ፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ለዚህ የተመቸ ነው። ከታች መቅረት ግድ ከሆነም ፀሐይዋን ትተው መጀመሪያ የሚያበሩትን ጫፎች ያንሱ።

አቅጣጫውም ከወር ወር ይለያያል። በሰኔ ፀሐይዋ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን 24 ዲግሪ ያህል አዘንብላ ትወጣለች፤ በታኅሣሥ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ። ስለዚህ በታኅሣሥ ከአንድ የጅብራ ተክል ጀርባ የወጣች ፀሐይ በሰኔ ከዚያው ጅብራ ጀርባ አትገኝም። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ያለችው በሰሜን ሰማይ ነው፤ የአውሮፓ መማሪያ ቪዲዮዎች “ፀሐይ በደቡብ ናት” የሚሉትን እዚህ ይርሱት። ወደ ጎባ የሚያየው ገደል ፊቱ የሚበራው በእነዚህ ወራት ነው፣ ክረምቱ ከፈቀደ።

አንዳንዶች የስልኩን ካሜራ ሰማዩ ላይ ደግነው የፀሐይን መንገድ ያያሉ። ያምራል፤ ነገር ግን የስልክ ኮምፓስ መኪና አጠገብ ይስታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚመርጠው ማታውኑ ቦታው ላይ ሄዶ፣ ከመኪናው ራቅ ብሎ አቅጣጫውን አንብቦ፣ በመስመሩ ላይ ያለ ድንጋይ ወይም ጅብራ ለምልክት መያዝን ነው። በጨለማ ሲመለሱ ስልክ ሳይበራ ያውቁታል።

ቀይ ቀበሮን ለሚፈልግ ሌላ ሒሳብ አለ። ቀበሮው የሚያድነው በቀን የሚወጡ አይጦችንና ፍልፈሎችን ነው፤ እነሱ ደግሞ በበጋው ብርድ መሬቱ ሞቅ እስኪል ጉድጓዳቸውን አይለቁም። ወርቃማው ብርሃን ለጅብራው ይሁን፣ ለቀበሮው እስከ ረፋድ ይታገሱ።

ጨረቃን የሚያነሳ ሰው መተግበሪያው ሙሉ ጨረቃ የሚለውን ቀን አይጠብቅ። ያን ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የምትወጣው፤ ጥቂት ቆይቶ መሬቱ ይጨልማል። በዋዜማው 50 ደቂቃ ያህል ቀድማ ስለምትወጣ አምባው ገና ብርሃን አለው። የታኅሣሥ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው የሰኔ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል መሆኑንም ልብ ይበሉ። ፍኖተ ሐሊብን ለሚሹ ደግሞ ጨረቃ የሌለባት የየካቲት ሌሊት ትሻላለች፤ ደማቁ ክፍል ከንጋት በፊት ከደቡብ ምሥራቅ፣ በሐረና ጫካ በኩል ይወጣል።

በበጋ ሌሊት ሳነቴ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ትርፍ ባትሪውን በቦርሳ ሳይሆን ከካፖርት ሥር፣ ሰውነትዎ አጠገብ ይያዙ፤ አምባው የሚገኝበትን ፓርክ ፈቃድም ቀን ቀድመው ጨርሰው፣ ሳይነጋ ስለመግባት ከሠራተኞቹ ጋር ይነጋገሩ።