ከዐውደ ምሕረቱ በፊት

መካነ ሰላም ዙሪያ፣ ሳይንት ወይም ወግዲ፣ ገጠር ደብር የሚያገለግሉ ወጣት ቄስ ክፉ ሰሞን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጨነቁት ለስብከቱ ነው። በልጉ ቀርቷል፤ ገበያው ተወዷል፤ መንገዱ ተዘግቶ ከርሟል። እሑድ ሕዝቡ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ ዓይን ዓይንዎን ያያል። ምን ይበሉት?

መምሬ፣ ያ ጥያቄ ትንሽ ይቆይ። ገበሬው ማሳውን አይቶ ነው የመጣው፤ መከራውን ከእርስዎ አይማርም። እሑድ የሚናገሩትን የሚያስደምጥልዎ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የረገጡት ደጃፍ ነው። “ከዚህ የባሰም አልፏል” ማለት ካስፈለገ ደግሞ የ1977ን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ አዛውንት ይናገሩት። እርስዎ ያኔ አልተወለዱም።

ከከተማ ሰባኪ ይልቅ ለዚህ ሥራ እርስዎ ይመቻሉ። ራስዎም ያርሳሉ፤ በረዶው የእርስዎንም ገብስ መትቶታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የአድባራቱ መሬት ተወስዶ ብዙ አገልጋይ መተዳደሪያው ተናግቶበት ነበር። ያኔ የአጥቢያውን አገልግሎት ደግፎ ያቆየው አዋጁ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1965 በቃለ ዐዋዲ የተደነገገው ሰበካ ጉባኤ ነው፤ ምእመኑ እያዋጣ ደብሩን ያዘ። ይህን ያነሣሁት በደግ ቀን የተሠራ ነገር በክፉ ቀን ምን ያህል እንደሚያገለግል ስለሚያሳይ ነው። ሰንበቴው ምርት በሰጠ ዓመት ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና ገብስ ቢያስቀምጥና የታመኑ ሁለት ሰዎች ቁልፉን ቢይዙ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ ሲራቆት ባልቴቷ ደጅ አትጠናም።

ከሁሉ የሚከብደው መርዶ ነው። ቀድሞ ሽማግሌዎቹና ቄሱ ተጠራርተው ጎሕ ሲቀድ ደጃፍ ላይ ይደርሱ ነበር። ዛሬ የሞት ወሬ ከጅዳ ወይም ከቤይሩት በስልክ ቀድሞ ይገባል፤ ወጥ እያማሰለች ላለች እናት የልጇን ፎቶ ከፌስቡክ የሚያሳይ ጎረቤት አይጠፋም። በሌላ በኩል ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ግጭቱ ሲበረታ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ወሬው የዘገየበት ቤት አለ። ስለዚህ ወሬው ሲደርስዎ መጀመሪያ ያረጋግጡ፤ ያየ ወይም የቀበረ ሰው ይፈልጉ። በሐሰት የተለቀሰለት ልጅ ሲመለስ እልል ይባላል፤ ያ ቤት ግን ሁለተኛ ቃልዎን አያምንም። ከዚያ ስልክ የያዙትን ዘመዶች “እስከ ነገ ንጋት አደራ” ይበሏቸው። እናትየዋን ደግፋ የምትይዝ እህት ወይም ጎረቤት ትገኝ። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም እንዳለባት አስቀድመው ይጠይቁ። ሲገቡ ዙሪያ ጥምጥም አይሂዱ፤ ቄስ ከአምስት ሰው ጋር በንጋት ደጇ ሲቆም ምን ይዞ እንደመጣ እሷ ገብቷታል። ስሙን ጠርተው ማረፉን ይንገሯት፤ ከዚያ ዝም ይበሉ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አጠገቡ ሲቀመጡ ደጎች ነበሩ። የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

“በኃጢአታችን ነው” የሚለው ቃል ቦታ አለው። ምህላ ላይ እርስዎም ከሕዝቡ ጋር ተደፍተው እግዚኦ ሲሉ ቃሉ የሁሉም ነው። አንዲት ሐዘንተኛ ብቻዋን በደጇ ስትባለው ግን ድንጋይ መወርወር ነው።

ከመርዶው ቀጥሎ ተዝካሩ ይመጣል፤ በእኔ አስተያየት የነፍስ አባት ትልቁ ሥልጣን እዚህ ላይ ነው። ፍትሐቱና ቁርባኑ የቤተ ክርስቲያን ነው። በሬ ተሸጦ፣ ብድር ተገብቶ የሚጠመቀው ጠላ ግን ብዙ ጊዜ የይሉኝታ ነው። ቤተሰቡ ራሱ “ድግሱ ይቅርብን” ቢል ስሙ ይጠፋል፤ የነፍስ አባት ሲለው ግን ትእዛዝ ይሆናል። ድሃውን ነጥለው አይምከሩ፤ ያፍራል። ከእድሩ ዳኛ ጋር ተስማምተው “ዘንድሮ በአጥቢያችን ለአርባ ከጸበል ጸዲቅ ያለፈ ድግስ የለም” ብለው ለሁሉም ያውጁ፤ መጀመሪያ እንዲያሳጥር የሚያግባቡት ግን ሀብታሙን ይሁን። (ድግሱ ሲቀር የሚቀርብን እኛም ነን፣ መምሬ፤ ሕዝቡም ይህን ስለሚያውቅ ነው ቃልዎን የሚያምነው።)

ጾሙም እንዲሁ ነው። የታመመ ሰው ወይም የምታጠባ እናት በረሃብ ላይ ጾም ሲጨመርባቸው ካዩ ሳይጠየቁ ፈቃዱን ይስጡ። ዝናቡ ዘግይቶ ከመጣም ገበሬው በየወሩ በ12 እና በ21 ቀን ሞፈር ማንሣት ይፈራል፤ በረዶ ታመጣብናለህ የሚለው ጎረቤቱ ነው። የትኛው በዓል በሥርዓት ሥራ እንደሚከለክል፣ የትኛው የአገር ልማድ እንደሆነ ከወረዳው ቤተ ክህነት ጠይቀው ከወቅቱ በፊት ያሳውቁ።

ከስደት የተመለሰችዋን ልጅ ምን ይዛ እንደመጣች አይጠይቋት። በ2006 ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ ወሎም ብዙ ልጆቿን ባዶ እጃቸውን ተቀብላለች፤ ብዙዎቹን ያሸማቀቃቸው ይኸው ጥያቄ ነው። እንደ እሷ ተመልሳ ኑሮ ከጀመረች ሴት ጋር ያገናኟት፤ ያ ከስብከት ይሻላል።

የእርዳታ እህል ሲመጣ የስም ዝርዝሩን ብቻዎን አያውጡ፤ ከሼኹ ጋር ይቀመጡ። ወሎ ውስጥ አጎቱ ሙስሊም፣ አክስቱ ክርስቲያን የሆነ ቤት ብዙ ነው፤ ቀብሩም ለቅሶውም የጋራ ነው። ዝርዝሩ ላይ ሁለታችሁ ከፈረማችሁበት “ለእነሱ ተሰጠ” የሚለው ሐሜት መግቢያ ያጣል።

አንድ የዘለልኩት ነገር አለ። ይህን ሁሉ የሰው ሸክም ተቀብለው ለማን እንደሚያወርዱት አልጠየቅሁዎትም። ቄስም የነፍስ አባት አለው። እርስዎ ከነፍስ አባትዎ ዘንድ ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት መቼ ነው?