ውሻና ዘሩ

ውሻ በየደጃችን አለ። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። ቀን ከእረኛው ጋር ይውላል። ማሽላ ሲደርስ ዝንጀሮ ያባርራል። ለመሆኑ ይህ እንስሳ ከየት መጣ? ዘሩስ እንዴት ልዩ ልዩ ሆነ? አብረን እንመልከት።

የውሻ ጥንተ ዘሩ ተኩላ ነው። ሰው ገና አድኖና ለቅሞ ሲኖር፣ እርሻ ሳይጀምር፣ ውሻን አላመደ። ይህ ከሆነ ከ10,000 ዓመት በላይ አልፎታል። በግ፣ ፍየልና ከብት የለመዱት ከውሻ በኋላ ነው።

ታዲያ ሁሉም ከተኩላ ከመጣ፣ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር፣ የአንዱ ጠጉር ለስላሳ የሌላው ሻካራ ለምን ሆነ? መልሱን የሐራ ገበሬ ያውቀዋል። እኛም ከገበሬው እንደተማርነው፣ ማሽላ ሲደርስ ፍሬው የሞላውና በሽታ ያልነካው ራስ ተመርጦ ለዘር ይቀመጣል። የተዘራውም በወላጁ ይወጣል። ሰው በውሻ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። ኤድዋርድ ኮርታልስ የሚባል የሆላንድ ሰው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870ዎቹ ሁሉን ሥራ የሚችል የአደን ውሻ ለማውጣት ተነሣ። ውሻው አሽትቶ እንዲያገኝ፣ ሲያገኝም ሳይጮኽ ቆሞ እንዲጠቁም፣ የተመታውን ወፍ ከውሃም ከቁጥቋጦም አንሥቶ እንዲያመጣ ፈለገ። ጠጉሩም እንደ ሽቦ የጠነከረ እንዲሆን ፈለገ። እንዲህ ያለውን ውሻ እሾህና ብርድ ቶሎ አይጎዱትም። ኮርታልስ ውሾች ሰበሰበ፤ የተሻሉትን እያዳቀለ፣ የማይሆኑትን ከዘር እያስወጣ ብዙ ዓመት ደከመ። በ1887 የዘሩ መለያ በጽሑፍ ወጣ። በጀርመን አገርም ሌሎች አዳኞች በዚሁ መንገድ ሌላ ሽቦ ጠጉር የአደን ውሻ አወጡ።

የእኛ ውሻ እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። ቢሆንም የተናቀ አይደለም። ሙቀቱንና ረሃቡን የቻለው ኖሮ ወለደ፤ ያልቻለው ቀረ። ስለዚህ ለአገሩ የተስማማ ነው። መምረጥ ግን እኛም እንችላለን። ቡችላ ስንወስድ እናቱን እንይ። በግ የማትነካ፣ ከጅብ የማትሸሽ ከሆነች ልጇም ደህና ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። የፈረንጅም ይሁን ያገር ቤት፣ ማንኛውም ውሻ ሊያብድ ይችላል። በሽታው በንክሻና በለሃጭ ወደ ሰው ይተላለፋል። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ምልክት አይጠብቅ። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። «መጀመሪያ ያገር መድኃኒት እንሞክር» እያሉ ቀን ማሳለፍ ነፍስ ያጠፋል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1885 አንድ የተነከሰ ልጅ ከተብ ቢያደርገው ልጁ ዳነ። ክትባት ለውሻም አለ። ውሻችንን በየጊዜው ብናስከትብ ልጆቻችንን እናድናለን።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። እርሱ ደጃችንን ከጠበቀ እኛም እርሱን እንጠብቅ።

ጥያቄዎች
1. የውሻ ጥንተ ዘር ምንድን ነው?
2. የማሽላ ዘር መምረጥና የውሻ ዘር መምረጥ በምን ይመሳሰላሉ?
3. ውሻ የነከሰው ሰው መጀመሪያ ምን ያድርግ? ከዚያስ?