የማሾ ገዢ ስለ ርጭቱም ይጠይቃል
ለደዋ ጨፋ፣ ለአርጡማ ፉርሲ፣ ለጅሌ ጥሙጋ፣ ለደዌ ሐረዋ፣ ለባቲና ለከሚሴ ዙሪያ አርሶ አደሮች

ማሾ በአብዛኛው ወደ ውጭ የሚላክ እህል ነው። የሩቁ ገዢ ዛሬ የፍሬውን ጥራት አይቶ ብቻ አይመለስም። ምን ተረጨበት? ማን ረጨው? ማን ለቀመው? ገንዘቡስ ለአምራቹ ደረሰ ወይ? ይላል። የአካባቢ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር መስፈርት የሚሉት ይህንኑ ነው። መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ የተሻለ ዋጋ ያገኛል ብለን ቃል አንገባም፤ የኬሚካል ቅሪት የተገኘበት ጭነት ግን ተመላሽ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአንድ ምርት ዘመን ማድረስ ስለማይቻል ከኬሚካሉ ጀምሩ።

ማሾ እንደ ጤፍ በአንዴ አይታጨድም። የታችኛው ቆባ ሲጠቁር የላይኛው ገና አበባ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቀማል። ጥፋቱ የሚመጣው በመካከል ነው። ከመጀመሪያው ለቀማ በኋላ ትል ታየ ተብሎ ይረጫል፤ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ደግሞ ለቀማው ይቀጥላል። ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት በኬሚካሉ ዕቃ ላይ ተጽፏል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ (ለማን እንደተጻፈ እንጃ!) የተማረ ልጃችሁን ወይም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አስነብቡ። ቀኑ ሳይሞላ አትልቀሙ።

ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ እጣቢውን መልሳችሁ መርጫው ውስጥ ጨምሩት። ከዚያ ዕቃውን በሚስማር ብሱት፤ ያልተበሳ ጀሪካን ነገ ውሃ ወይም ዘይት መያዣ ይሆናል። መርጫውን ቦርከና ወንዝ ውስጥ አትጠቡ። በበጋ ከአፋር የሚመጡ አርብቶ አደሮች ከብቶች ጨፋ ረግረግ ላይ ይግጣሉ፤ የእናንተም እዚያው ይጠጣሉ። የውሃው ጉዳይ የጉርብትናም ጉዳይ ነው።

ነቀዝን ለመከላከል ፎስቶክሲን ሰው በሚተኛበት ቤት ማስቀመጥ ይገድላል። ማሾውን በደንብ አድርቃችሁ በፒክስ ከረጢት አስቀምጡት፤ ውስጠኞቹን ሁለት ላስቲኮች ለየብቻ አጥብቃችሁ እሰሩ። አየር ካልገባ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ያልቃል።

ከኬሚካሉ ሌላ፣ ማሾን ከማሽላ ጋር ማፈራረቅ ለአፈሩም ይጠቅማል፣ አቀንጭራንም ይቀንሳል፤ ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ማኅበራዊ ሲባል የሠራተኛው ጉዳይ ነው፤ ለቀማው የሴቶችና የልጆች ሥራ ሆኖ ቆይቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ 18 ያልሞላውም ለጤና አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ አይሰማራም። በራሳችሁ ማሳም ቢሆን ልጅ መርጫ አይሸከም፣ ከትምህርት ሰዓቱም አይቅር።

አስተዳደር ሲባል ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ጉዳይ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ቅሩ ብትባሉም አትቅሩ፤ የኦዲት ሪፖርት ይነበብልን በሉ። ሚዛኑ ፊት ለፊታችሁ ይመዘን፣ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ይህን ሁሉ የሚያስረዳላችሁ አንድ ደብተር ነው፦ የተዘራበት ቀን፣ የኬሚካሉ ስምና መጠን፣ የተረጨበትና የተለቀመበት ቀን፣ የተሸጠው ኩንታል። ያልተጻፈውን ገዢ አያምንም።

አጠቃቀሙን የማታውቁት ኬሚካል ቤታችሁ ካለ ሳትከፍቱ፣ ከልጆች አርቃችሁ፣ ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ አሳዩ።