ኦትራንቶ፤ የጥንት የባሕር ዳር ከተማ

የኢጣልያን ካርታ የተመለከተ ሁሉ አገሩ እንደ ቦት ጫማ ወደ ባሕር የተዘረጋ መሆኑን ያውቃል። በጫማው ተረከዝ፥ በምሥራቅ በኩል፥ ኦትራንቶ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከማዶ ያለችው አልባኒያ ናት፤ በመካከላቸው ያለው ባሕር በጠበበው በኩል 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለ ሮማና ስለ ቬኒስ ብዙ ስለ ተጻፈ፥ እኔ ስለዚህች ለመጻፍ መርጫለሁ።

ኦትራንቶን ግሪኮች፥ ሮማውያን፥ የቢዛንታይን ነገሥታት፥ ኋላም ኖርማኖች በየተራ ገዝተዋታል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የተባረከው በ1088 ነው። ከ1163 እስከ 1165 ድረስ ጰንጠሌዎን የተባለ መነኵሴ ወለሉን በሙሉ በጥቃቅን ባለ ቀለም ድንጋይ ሥዕል አለበሰው። ሥዕሉ በሁለት ዝሆኖች ጀርባ ላይ የቆመ ትልቅ ዛፍ ነው። በቅርንጫፎቹ መካከል የኖኅ መርከብ፥ የባቢሎን ግንብ፥ ዐሥራ ሁለቱ ወራት ከነእርሻ ሥራቸው ይታያሉ። ታላቁ እስክንድርም በሁለት ክንፋም አውሬዎች ተይዞ ወደ ሰማይ ሲወጣ ተሥሏል። የእንግሊዞቹ ንጉሥ አርተር በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ምን ሊሠራ እንደ ገባ ግን ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከሩበታል።

እኛን ይበልጥ የሚያስደስተን በመቅደሱ በኩል ያለው ነው። በዚያ ንጉሥ ሰሎሞን ተሥሏል፤ አንዲት ንግሥትም አለች። በላቲን የተጻፈው ስሟ ሲተረጐም የደቡብ ንግሥት፥ ማለት የእኛይቱ ንግሥተ አዜብ ናት!

በሐምሌ ወር 1480 የቱርክ መርከቦች በጌዲክ አሕመድ ፓሻ አዝማችነት ደረሱ። ቬኒስ ከቱርኮች ጋራ በ1479 ታርቃ ነበር፤ የኔፕልስ ጦርም በቶስካና ነበርና ፈጥኖ የሚረዳ አልተገኘም። ከተማይቱ ሁለት ሳምንት ያህል ተከላክላ ነሐሴ 11 ቀን ተያዘች። ከሦስት ቀን በኋላ 800 ያህል ወንዶች ከከተማው ውጭ ባለ ኮረብታ ላይ ተገደሉ። ሃይማኖታችንን አንለውጥም በማለታቸው ነው የሚል ትረካ አለ፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ከተማይቱ ስለ ተዋጋች የተሰጠ ቅጣት ነው ይላሉ። በእኔ አስተያየት ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን፥ መሣሪያ የሌለውን ምርኮኛ መግደል ጀግንነት አይባልም። ደግሞም ነገሩን የክርስቲያንና የእስላም ጠብ ብቻ አድርጎ መቍጠር ትክክል አይመስለኝም፤ የኢጣልያ መሳፍንት እርስ በርሳቸው ባይጣሉ ኖሮ ኦትራንቶ ብቻዋን ባልቀረች ነበር።

በግንቦት 1481 ሱልጣን መሐመድ 2ኛ ሞተ፤ በመስከረምም የኔፕልስ ሰዎች ከተማይቱን መለሱ። የሟቾቹ አጽም ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በመስተዋት ሣጥን ይታያል፤ በ2013 የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ ቅዱሳን ብለው ሰይመዋቸዋል።

በወደቡ አጠገብ ያለው ግንብ ከዚያ ጥፋት በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። ሆራስ ዋልፖል የተባለው እንግሊዛዊ በ1764 ስለ ኦትራንቶ ግንብ ዝነኛ ልብ ወለድ ቢጽፍም፥ ከተማይቱን በዐይኑ አይቷት አያውቅም።