«የሥራ ልምድ፦ የለም»?



የመመረቂያችን ጊዜ ሲቃረብ እጃችን ከሚገቡት ወረቀቶች አንዱ የሥራ መጠየቂያ ቅጽ ነው። ስም፣ ዕድሜና የትምህርት ደረጃ ከተሞላ በኋላ «የሥራ ልምድ» የሚል ባዶ መስመር ይመጣል። እኛ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣን ዕጩ መምህራን አብዛኞቻችን እዚህ ላይ «የለም» ብለን እናልፋለን። በእርግጥ የለም ወይ? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ ነው።

«ልምድ» የሚለው ቃል ከ«ለመደ» የወጣ ነው፤ «ልማድ»ም፣ «ልምምድ»ም፣ «ተለማማጅ»ም የዚያው ግሥ ቤተሰቦች ናቸው። ስለዚህ የሥራ ልምድ ማለት በመሠረቱ እጅና አእምሮ በሥራ ላይ የለመዱት ነገር እንጂ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ አይደለም። ታዲያ ከመካከላችን መተማና ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ ያረመና ያጨደ አለ፤ ጅማ ዙሪያ ቡና የለቀመ አለ፤ በሚኒባስ ረዳትነት የሠራ፣ ሱቅ የጠበቀ፣ ጫማ የጠረገ፣ ሰው ቤት ተቀጥሮ የማታ የተማረ አለ። እነዚህን ሥራዎች አንዳንዶቻችን እንደ ነውር እንደብቃቸዋለን። «አስተማሪ ሊሆን የመጣ ሰው ወያላ ነበርኩ ብሎ ይጽፋል እንዴ?» የሚለው ክርክር በየመኝታ ቤቱ ተደጋግሞ ተሰምቷል።

እስቲ የዚሁኑ የረዳቱን ሥራ ዘርዘር አድርገን እንመልከት። ረዳቱ ከ12 ተሳፋሪ ማን እንደከፈለ፣ ለማን መልስ እንደሚቀረው፣ ማን የት እንደሚወርድ ሳይጽፍ በጭንቅላቱ ይይዛል። የተቆጣውን ያበርዳል። ሒሳብ ሲሳሳት እዚያው ፊት ለፊቱ ይነገረዋል። መምህሩስ 50 እና 60 ተማሪ ፊት ሲቆም ማን እንደገባው፣ ማን ወደ ኋላ እንደቀረ፣ ማን ዝም ብሎ እንደተደበቀ መያዝ አለበት አይደለም? እርግጥ ሁሉም ነገር አብሮ አይሄድም። ረዳት ሰው የሚሰበስበው በጩኸት ነው፤ በጩኸት የተሰበሰበ ተማሪ ግን ጩኸቱ ሲያቆም ይበተናል። የትኛው እንደሚጠቅምና የትኛው እንደሚጎዳ መለየት ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

የሰሊጡም ነገር እንዲሁ ነው። ሰሊጥ ዘሩን የያዘው ሽፋን ሲደርቅ ከጫፉ ይከፈትና ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። ስለሆነም ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይታጨድና ነዶው ቀጥ ብሎ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሲደርቅ ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ይህን በእጁ የሠራ ዕጩ መምህር ስለ ዘር መበተን ሲያስተምር ከመጽሐፉ ሥዕል አልፎ የሚናገረው አለው። (ወገቡ የሚናገረው ደግሞ ሌላ ነው!)

ይሁን እንጂ «ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ታታሪ ነኝ» ብሎ መጻፍ የሚፈይደው ነገር የለም። ታታሪ አይደለሁም ብሎ ያመለከተ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም። ከዚህ ይልቅ «ሁለት ክረምት ሱቅ ሠርቻለሁ፤ የቀኑን ሽያጭ በደብተር እየመዘገብኩ ማታ ማታ ሒሳብ አስረክብ ነበር» የሚለው አጭር ነው፤ ጠያቂውም ሊመረምረው የሚችል ነገር ያገኛል።

የመጀመሪያ ሥራ ከሰው ጋር ምን ያህል እንደሚዘልቅ የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ኔሬሬ በመጀመሪያ በታቦራ፣ ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ከተመለሱ በኋላ ደግሞ በዳሬ ሰላም አቅራቢያ በፑጉ አስተምረዋል። በ1955 እ.ኤ.አ. ለፖለቲካው ሲሉ ማስተማሩን ለቀቁ። ሆኖም እስከ 1985 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንትነት ሲቆዩ ሕዝቡ የሚጠራቸው «ምዋሊሙ» እያለ ነበር፤ በስዋሂሊ «መምህር» ማለት ነው። የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሳር» ወደ ስዋሂሊ መልሰው በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አገር እየመሩ ሳለ ነው። ይህንን ያነሳነው ሁላችንም ፕሬዚዳንት እንሆናለን ብለን አይደለም። ከእኛም ውስጥ ነገ ከነገ ወዲያ ማስተማሩን ትቶ ሌላ ሥራ የሚፈልግ አይጠፋም፤ ያን ጊዜም «አስተማሪ ብቻ ነበርኩ» የሚል ቃል አፉ ላይ ይመጣበታል። ዛሬ የሱቁን ሥራ መዘርዘር የቻለ ግን ያን ጊዜ የትምህርት ዕቅዱን፣ የውጤት መዝገቡን፣ ከወላጆች ጋር ያደረገውን ምክክር መዘርዘር አያቅተውም።

ወደ ወረቀቱ ጉዳይ ስንመጣ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለበት። አሠሪ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈል የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። የቤት ሠራተኝነት ግን ከዚህ አዋጅ ሽፋን ውጭ ነው። አንዲት የክፍላችን እህት ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የማታ እየተማረች ነው እዚህ የደረሰችው፤ ወረቀት ስትጠይቅ አሠሪዋ «ለዚህም ወረቀት?» ብለው ስቀው ሸኝተዋታል። በእኛ አስተያየት እሷ ባዶ መስመር የምትተውበት ምክንያት የለም። ሁለት ሕፃናት ማሳደጓን፣ ትልቁን ልጅ ፊደል ማስቆጠሯን፣ የአስቤዛ ሒሳብ መያዟን በራሷ እጅ ጽፋ መፈረም ትችላለች፤ ጠያቂው ማስረጃ ከፈለገም የሚያውቋትን ጎረቤት ወይም የማታ አስተማሪዋን መጥቀስ ይቻላታል።

በድርጅትና በሱቅ የሠራን ደግሞ ወረቀቱን ለመጠየቅ የቅጹን መምጣት ባንጠብቅ ይሻላል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ባለቤቱም አካባቢ ይለቃል። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ ጎራ ብለን የጀመርንበትንና የለቀቅንበትን ወር አስጽፈን፣ ማኅተም ካለ አስመትተን መመለስ እንችላለን።